መልስ፦ በባሕር ዳር ለልደት መዘጋጀት

የተከበሩ ጠያቂ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ከተዛወሩ በኋላ አራቱን የአድቬንት (ከልደት በፊት ያለው የዝግጅት ወቅት) ሻማዎች በቁምስናው ስላላገኙ፣ ለልደት በምን እንደሚዘጋጁ ጠይቀዋል። ሻማዎቹ የላቲን ሥርዓት፣ ማለትም የምዕራቡ ካቶሊካውያን ልማድ ናቸው፤ በ2007 ዓ.ም. የተቋቋመው የባሕር ዳር ደሴ ካቶሊካዊ ሀገረ ስብከት ግን የግእዝን ሥርዓት ስለሚከተል፣ ዝግጅቱ ኅዳር 15 ቀን በሚጀምረው ጾመ ነቢያትና ከበዓሉ አስቀድመው በሚውሉት ሦስት እሑዶች፣ ማለትም በስብከት፣ በብርሃንና በኖላዊ (እረኛ) ይገለጣል።

በስብከት የነቢያትን ተስፋ፣ በብርሃን የዮሐንስ ወንጌልን መጀመሪያ ያሰላስሉ። ኖላዊ ግን ከሁሉ ይልቅ ልቤን ይነካኛል፤ በዚያ ሳምንት መዝሙር 79ን (በሌላው አቆጣጠር 80ን) እና ዮሐንስ ምዕራፍ 10ን ከቤተሰብዎ ጋር በየምሽቱ ቀስ ብለው እንዲያነቡ አጥብቄ እመክርዎታለሁ፤ የጎጃም ልጆች መንጋ መጠበቅን በዓይናቸው ስለሚያውቁት፣ እረኛው በጎቹን በየስማቸው ይጠራል የሚለው ቃል ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ታኅሣሥ የአጨዳና የውቂያ ጊዜ በመሆኑ ከገጠር የሚመጡ ምእመናን በመጨረሻው ሳምንት ይበዛሉና፣ ለምሥጢረ ንስሐ ቆሞሱን (የቁምስናውን ካህን) ቀደም ብለው ቢያነጋግሩ መልካም ነው። ከጾሙ የተረፈውንም ወጪ ለተቸገረ ጎረቤት ይስጡ።