መብራቱን ሳበራ የዘይት ጌጁ ለምን ይዘላል? (ስለ አውሮፕላን ማሳ)

ከፍኖተ ሰላም የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ መልእክትህን ሁለቴ አነበብኩት፣ ሌላውም እንዲገባው ባጭሩ ልድገመው። ግቢህ ውስጥ ሁለት ሰው የምትይዝ ሙሉ በሙሉ አሉሚኒየም የሆነች ትንሽ አውሮፕላን እየሰራህ ነው፣ ሞተሩ ተገጥሟል፣ መሬት ላይ እያስነሳህ ትሞክራታለህ። የማረፊያ መብራቱን ስታበራ የዘይት ሙቀት ጌጁ ይዘላል፣ ሄድሴቱ ውስጥ ደግሞ ከሞተሩ ዙር ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ፉጨት አለ፣ ከዛ መጨረሻ ላይ እንደ ቀላል ነገር "ሞተሪኖውን (ሞተሩን የሚያስነሳውን ትንሽ ሞተር) ሳዞር የነዳጅ መስጫው ኬብል ትንሽ ሞቀብኝ" ብለህ አለፍከው። "ጋሼ፣ ማሳውን (ከረንቱ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበትን መስመር) ሁሉ ቦዲው ላይ ነው ያሰርኩት፣ አሉሚኒየም ጥሩ አስተላላፊ አይደል እንዴ? ወይስ ለእያንዳንዱ ዕቃ የራሱን መመለሻ ሽቦ ልሳብ?" ነው ጥያቄህ።

ከመጨረሻዋ ልጀምር፣ ምክንያቱም እሷ ናት የምታቃጥልህ። ወንድምዓለም፣ አሁን ተነስና የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀለው፣ ከዛ ተመልሰህ አንብብ።

ሞተርህ የተቀመጠው በጎማ ላይ ነው አይደል፣ ንዝረቱን እንዲውጥ። ጎማ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ሞተሪኖ ሲነሳ 150 ምናልባትም 300 አምፔር ሊስብ ይችላል፣ ያ ሁሉ ከረንት በቀዩ ኬብል ከገባ በኋላ በሆነ መንገድ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ መመለስ አለበት። ከሞተሩ ብሎክ ወደ ፋየርዎሉ (ሞተሩን ከካቢኑ የሚለየው ላሜራ) የሚሄድ ወፍራም ማሳ ከሌለ ወይ ከላላ፣ ያገኘውን ብረት ይዞ ነው የሚመለሰው፤ የነዳጅ መስጫ ኬብል፣ የቾክ ኬብል፣ ላዩ ላይ የሽቦ ጥልፍ ያለው የቤንዚን ቱቦ። የቤንዚን ቱቦ ነው ያልኩህ!

እኔ ይሄን የተማርኩት አውሮፕላን ላይ አይደለም፣ ባህር ዳር ጋራዥ ውስጥ አንድ አሮጌ ኢሱዙ ላይ ነው። ሞተሩ ወርዶ ተሰርቶ ሲገባ ማሳውን መልሶ ማሰር የኔ ስራ ነበር፣ ረሳሁት፣ ሾፌሩ ቁልፉን ሲያዞር ጭስ ብቻ ሆነ፣ ኬብሉን ልይዝ እጄን ስሰድ ልባሱ ቀልጦ ኖሮ እንደ ማስቲካ አውራ ጣቴ ላይ ተለጠፈ፣ ጠባሳው እስካሁን አለ። መኪና ከሆነ ቆመህ በአፈርም ቢሆን ታጠፋዋለህ፣ አየር ላይ ግን ወዴት ትወርዳለህ።

ስለዚህ 25 ወይም 35 ካሬ ሚሊ የሆነ፣ ውስጡ ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው የመዳብ ኬብል ግዛ፣ ጠፍጣፋው የተጠለፈው ማሳ ከተገኘ ደግሞ ይበልጣል ምክንያቱም ሞተር ሲንቀጠቀጥ አይሰበርም። የብየዳ ኬብልም ይሆናል፣ ብቻ ልባሱ ሙቀት አይችልምና ከጭስ ማውጫው አርቀው። አንዱን ጫፍ ሞተሩ ብሎክ ላይ፣ ሌላውን ፋየርዎሉን በስቶ የሚያልፍ አንድ የነሐስ ብሎን ላይ እሰር፣ የባትሪው ኔጌቲቭም እዛው ብሎን ላይ ይምጣ። ትንሽ ላላ አርገህ ተወው፣ ተወጥሮ ከታሰረ ሞተሩ ሲነሳ ይበጥሰዋል።

አሁን ወደ አሉሚኒየሙ። እውነት ነው ጥሩ አስተላላፊ ነው፣ ንጹህ ሲሆን የመዳብን 60 ፐርሰንት ያህል ያስተላልፋል፣ የአውሮፕላኑ ቅይጥ ደግሞ ከዛ ያነሰ፣ የአውሮፕላን ቦዲ የሚያህል ሰፊ ላሜራ ሲሆን ደግሞ ከማንኛውም ሽቦ ይሻላል። ጣጣው ያለው መጋጠሚያው ላይ ነው። አሉሚኒየም ፍቀህ ብልጭ ባለበት ቅጽበት አየር ነክቶት ለአይን የማይታይ ኦክሳይድ ይለብሳል፣ ያ ኦክሳይድ ደግሞ ከረንት አያሳልፍም። በዛ ላይ አንተ ፎቶው ላይ እንዳየሁት ያቺን ቢጫ ወደ አረንጓዴ የምትሄድ ፕራይመር (ዝገት መከላከያ የመጀመሪያ ቀለም) ቀብተህ ከላይዋ ነው ተርሚናሉን ያሰርከው፣ ቀለም ላይ አሰርክ ማለት ነው። ፕራይመሩን በሮንዴላዋ ልክ ብቻ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀህ ነጩን ብረት አውጣ፣ ሳትውል ሳታድር ወዲያው ጥርስ ያላት ሮንዴላ አስገባና ዳዶውን አጥብቀው፣ ጥርሷ ብረቱን ነክሳ ስትገባ በእጅህ ይሰማሃል። ከዛ ከላይ በቀለም ዝጋው። ተርሚናሉ ቆርቆሮ የተለበጠ ይሁን እንጂ ራቁት መዳብ አይሁን፣ መዳብና አሉሚኒየም እርጥበት መሀላቸው ሲገባ አሉሚኒየሙ ይበላል፣ የኛን አገር ክረምት ደግሞ ታውቀዋለህ፣ ሰኔ ያሰርከውን መስከረም ላይ ስትፈታ ነጭ ዱቄት ታገኛለህ።

"ቴስተር አስቀምጬ ኦሙን አይቼዋለሁ ዜሮ ነው" ብለሃል፣ እሱን እርሳው። የቴስተሩ የራሱ ገመዶች እንኳ ብዙ ጊዜ 0.2 ኦም አካባቢ አላቸው፣ አንተ የምትፈልገው ደግሞ በሺህ የሚከፋፈል ኦም ነው። አስበው፣ 0.005 ኦም ብቻ ቢኖር በ200 አምፔር 1 ሙሉ ቮልት ይበላብሃል። ስለዚህ በቮልት ለካ፤ ካንዴላዎቹን አውጣ፣ ማግኔቶውን (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያመነጨውን) አጥፋ፣ ጎማው ስር ድንጋይ አድርግ፣ ፕሮፔለሩ አጠገብ ማንም አይቁም። የቴስተሩን ጥቁር ባትሪው ኔጌቲቭ ፖል ላይ (ማቀፊያው ላይ ሳይሆን ፖሉ ራሱ ላይ)፣ ቀዩን ሞተሩ ብሎክ ላይ ይዘህ ሰው ሞተሪኖውን ያዙርልህ። 0.2 ወይ 0.3 ቮልት ካነበብክ ደህና ነው፣ ከ0.5 ካለፈ ከመጋጠሚያዎቹ አንዱ ተበላሽቷል፣ ቀዩን ወደ ባትሪው እያስጠጋህ ስትሄድ የት ላይ እንደሚወርድ አይተህ ትይዘዋለህ።

ማግኔቶ ካልኩ አይቀር፣ እሱ የተገላቢጦሽ ነው፣ ማሳ ሲነካ ነው የሚጠፋው። ወደ ቁልፉ የሚሄደው ሽቦ ከተበጠሰ ቁልፉ "ጠፍቷል" እያለህ ማግኔቶው በህይወት አለ፣ ፕሮፔለሩን በእጅ ገፋ ስታደርገው ሊነሳና እጅህን ሊወስደው ይችላል። የዛን ሽቦ ሺልድ (ሽቦውን ዙሪያውን የሸፈነውን የብረት ጥልፍ) ማግኔቶው ጋር ማሳ አድርገው፣ ቁልፉ ጋር ግን የቁልፉ መመለሻ አድርገህ ብቻ ተጠቀምበት፣ እዛ ቦዲ አታስነካው።

ጌጁ ለምን እንደሚዘል። ክረምት ላይ ሦስት አራት ቤት በአንድ ቦይ ውሃ ሲያወጣ አይተሃል፣ ጎረቤት በርሜል ሲደፋ ያንተ ደጃፍ ያለው ውሃ ከፍ ይላል፣ አንተ ምንም ሳትደፋ። አንተም መብራቱንና ጌጁን ፓነሉ ላይ አንድ ብሎን ላይ ነው ያሰርካቸው። መብራትህ 100 ዋት ከሆነ በ12 ቮልት 8 አምፔር ያህል ይፈሳል፣ ያቺ ብሎን 0.05 ኦም ካላት የፓነሉ ማሳ 0.4 ቮልት ከፍ አለ ማለት ነው፣ የዘይቱ ሴንሰር ግን ማሳው ሞተሩ ላይ ስለሆነ እሱ ጋር ምንም አልተቀየረም፣ ጌጁ ልዩነቱን ሙቀት መስሎት ያነብልሃል። ዘይቱ አልሞቀም።

ስለዚህ ለሁሉም መመለሻ ሽቦ አትሳብ፣ ክብደት ነው ትርፉ። የክንፍ መብራቶች፣ የፒቶት (የፍጥነት መለኪያው የአየር ቱቦ) ማሞቂያ፣ እነሱ እዛው ክንፉ ላይ በደንብ በተፋቀ ቦታ ማሳ ይደረጉ፣ ቦዲው ይመልስላቸዋል። ጌጆች፣ ሬዲዮና ኢንተርኮም (ውስጥ ያላችሁት በሄድሴት የምትነጋገሩበት) ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ጥቁር ሽቦ ይዘው ፓነሉ ጀርባ ወዳለች አንዲት የነሐስ ቁራጭ ይምጡ፣ ከሷ ደግሞ አንድ ወፍራም ሽቦ ወደ ፋየርዎሉ ብሎን። ጣና ማለት ነው፤ ግልገል አባይም ርብም ጉማራም መገጭም በየራሳቸው ይገባሉ፣ ወንዝ ሆኖ የሚወጣው አባይ ብቻ። ወፍራሞቹን የባትሪ ኬብሎች ደግሞ ከኮምፓሱ አርቃቸው፣ ከረንት ሲያልፍባቸው መርፌውን ይጎትቱታል።

ፉጨቱ ከዲናሞው ነው፣ የሚገባው ግን ብዙ ጊዜ በሄድሴቱ መሰኪያ በኩል ነው። መሰኪያውን በቀጥታ አሉሚኒየም ፓነሉ ላይ ስላሰርከው አንዴ በቦዲው አንዴ በሽቦው ሁለት መመለሻ አለው። ለማረጋገጥ ከፓነሉ ፈተህ አንጠልጥለው፣ ፉጨቱ ከጠፋ አገኘኸው። ከዛ ቀዳዳውን ትንሽ አስፋና ከፊትም ከኋላም የፕላስቲክ ሮንዴላ አድርግለት፣ እኔ ከቢጫ ጀሪካን ነው የምቆርጠው፣ አንገቱ ላይ ደግሞ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ። የኦዲዮ ሽቦው ሺልድ በኢንተርኮሙ በኩል ብቻ ይታሰር። ተፈትቶም ካልጠፋ ዲናሞው ራሱ ነውና ያኔ ሌላ ወሬ እናወራለን።

ጀሪካን ስል ትዝ አለኝ፣ ፎቶው ላይ በቢጫ ጀሪካን ቤንዚን ስትቀዳ አይቻለሁ። ፕላስቲክ ቤንዚን ሲፈስበት ቻርጅ ይይዛል፣ ማሳ ብታደርገውም አይለቅም። የብረት ጀሪካን ፈልግ፣ ክዳኑን ሳትከፍት በፊት ጀሪካኑንና ቦዲውን በሽቦ አገናኝ። ፈቃዱን ደግሞ ከሲቪል አቪዬሽን ሳትጨርስ ጎማዋን ከመሬት እንዳታነሳ፣ ይሄን የምልህ እንደ ታላቅ ወንድም ነው።

ማሳውን ካሰርክ በኋላ ብሎኩና ባትሪው መሀል ያነበብካትን ቮልት ላክልኝ፣ ፍቀህ ያሰርካትን ብሎን ፎቶም ከቅርብ አንሳት።