መልስ፦ የልጆች የወፍ ክበብ ከምን ይጀመር?

ገንዘብ የለንም፤ ከሰፈር ልጆች ጋር ወፎችን የሚጠብቅ ክበብ ከምን እንጀምር ብላችኋል። ከቆጠራ ጀምሩ። አንድ ቦታ ምረጡ። ሁልጊዜ በማለዳ፣ ለእኩል ደቂቃ ቆማችሁ ያያችሁትን ጻፉ። ቦታውና ሰዓቱ ከተለዋወጠ ቁጥሩን ማነጻጸር አይቻልም። ይህ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1900 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው የገና ወፍ ቆጠራ እስከ ዛሬ በበጎ ፈቃደኞች ይካሄዳል፤ ሳይንቲስቶችም መረጃውን ይጠቀሙበታል። እናንተም ያያችሁትን ኢበርድ (eBird) በተባለው የወፍ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ በነጻ መመዝገብ ትችላላችሁ።

ልጆቹን ስም አታሸምድዷቸው፣ በናታችሁ! መጀመሪያ ምንቃሩን ይዩ። አጭርና ወፍራም ከሆነ ብዙውን ጊዜ ፍሬ ይሰብራል። ቀጭንና ቆልማማ ከሆነ የአበባ ወለላ ይመጥጥ ይሆናል። ምን እንደሚበላ ራሳቸው ሲደርሱበት ስሙን አምጡ ብለው ያፋጥጧችኋል።

ጎጆ ካገኙ ግን ከሩቅ ይዩ። የተረበሸች ወፍ እንቁላሏን ጥላ ልትሄድ ትችላለች።

ወፎች የሚጋጩበት መስኮት ካለ ደግሞ መስታወቱን በውጭ በኩል፣ በየ5 ሳንቲሜትሩ ነጠብጣብ አድርጉበት። ይህን ልጆቹ ራሳቸው ይሥሩት። ብቻውን የተለጠፈ የጭልፊት ምስል ብዙም አይረዳም፤ ወፎቹ በጎኑ አልፈው መስታወቱን ይመቱታል።