የጊታር ክር ከፍ ሲል ቤት ውስጥ እንዴት ይስተካከላል?

ሰላም ወንድሜ። ክሩ ከአንገቱ ርቆ የኤፍ ኮርድ አልያዝ ብሎሃል፣ ጣትህም ቆስሏል፤ «አንገቱ ውስጥ ያለውን ብረት አጥብቀው» ያለህ ሰውም አለ። ቆይ፣ ገና አትንካው። ያ ብረት፣ ትረስ ሮድ የሚባለው፣ ሥራው አንገቱ በክሮቹ ጉተታ እንዳይጎብጥ መያዝ ነው። ከፍታውን በዋናነት የሚወስነው ብሪጁ ላይ፣ ማለትም ክሮቹ የጊታሩ ሆድ ላይ በሚታሰሩበት እንጨት ላይ የተሰካው ነጭ ነገር፣ ሳድሉ ነው።

መጀመሪያ ጊታሩን ቃኝተህ ለካ። 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ካሉት ቀጫጭን ብረቶች 12ኛው) ላይ ክሩን ሳትጫን፣ ከፍሬቱ አናት እስከ ክሩ ሥር። የብረት ክር ከሆነ ወፍራሙ 2.4፣ ቀጭኑ 1.8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ለብዙ ሰው ይመቻል። ናይለን ከሆነ ግን እስከ 4 መድረሱ ያለ ነው።

ቀጥሎ ወፍራሙን ክር 1ኛውና 14ኛው ፍሬት ላይ አንድ ላይ ተጫንና 7ኛው ላይ ያለውን ክፍተት እይ። አንድ ሁለት ወረቀት ካሳለፈ አንገቱ ደህና ነው። ብዙ ከሰፋ ያኔ ትረስ ሮዱን በሰዓት አቅጣጫ ሩብ ዙር ብቻ አዙር፣ እንደገና ቃኝ፣ እንደገና እይ። እምቢ ካለህ አታስገድደው፤ ከተበጠሰ ጥገናው ከጊታሩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

አንገቱ ተስተካክሎም ክሩ ከፍ ካለ ወደ ሳድሉ ሂድ። 12ኛው ፍሬት የክሩ እኩሌታ ላይ ስለሆነ፣ እዚያ ግማሽ ሚሊ ሜትር ለማውረድ ከሳድሉ አንድ ሙሉ ሚሊ ሜትር መቀነስ አለብህ። ክሮቹን አላላና የፒንሳውን አፍ በጨርቅ ጠቅልለህ ሳድሉን ሳብ። የምትቀንሰው ከሥሩ ነው፣ አናቱን በጭራሽ አትንካ፣ ቅርጹ ለቅኝቱ ታስቦ የተሠራ ነው። በእርሳስ አስምርና የብርጭቆ ወረቀቱን መስታወት ላይ አንጥፈህ ሳድሉን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ ቀስ እያልክ እሸው። መስመሩ ጋ ሳትደርስ አቁምና መልሰህ ሞክር፤ የተቀነሰ አይመለስም፣ ስለዚህ ትርፍ ሳድል ቀድመህ ብትገዛ ይሻላል። ሥሩ ከተንጋደደ ደግሞ፣ ሳድሉ ሥር ፒክአፕ (ድምፁን ወደ ስፒከር የሚልከው መሣሪያ) ያለው ጊታር ከሆነ፣ የአንዱ ክር ድምፅ ከሌላው ያንሳል።

አንድ ነገር ግን ቀድመህ አጣራ። 1ኛው ፍሬት ላይ ካፖ (ክሮቹን አንድ ላይ የሚጫን መቆንጠጫ) አድርገህ የኤፍን ቅርጽ አንድ ፍሬት ወደ ጊታሩ ሆድ አስጠግተህ ያዘው። ድንገት ከቀለለህ ችግሩ ሳድሉ ሳይሆን ነቱ ነው፣ ክሮቹ ከአንገቱ ጫፍ፣ ከመቃኛዎቹ በፊት የሚያርፉበት ባለ ቦይ ቁራጭ። የነት ቦይ ልዩ ሞረድ ይፈልጋል፣ እሱን ለባለሙያ ስጥ። ብሪጁ ከኋላው ተነስቶ ወረቀት የሚያስገባ ከሆነም እንደዚያው፣ ክሮቹን አላልተህ ውሰደው።

አዲስ አበባ ከሆንክ ወቅቱንም አስብ። በክረምት እንጨቱ እርጥበት ይዞ ሆዱ ያብጣል፣ ክሩም ከፍ ይላል፤ በበጋ ደርቆ ይወርዳል። ነሐሴ ላይ እስከ ጫፍ ዝቅ ያደረግከው ጥር ላይ ክሩ ፍሬቱን እየነካ ዝዝ ሊልብህ ይችላል። ስለዚህ ትንሽ አትርፍለት።

ለክተህ የሁለቱን ክሮች ቁጥር እዚህ ጻፍልኝ፣ ስንት መቀነስ እንዳለበት አብረን እናሰላዋለን።