ዝርዝር ወይስ ካላንደር? ለጅማ ጠያቂዎች መልስ

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ጠዋት የምሠራውን እጽፋለሁ፤ ማታ ግን ግማሹ ሳይነካ ያድራል። ስንፍና ይሆን?

አይደለም እህቴ። ዝርዝር ቀኑ ስንት ሰዓት እንዳለው አያውቅም። አሥራ አምስት ነገር ብትጽፊበት ዝም ብሎ ይቀበላል። ካላንደር ላይ ክላስሽን፣ ምሳሽንና መንገዱን አስገቢ። ያኔ የሚተርፍሽ ሦስት ሰዓት ብቻ መሆኑ ይታይሻል። ደግሞ ሥራ የሚወስደውን ጊዜ አሳንሶ መገመት የሁላችንም ነገር ነው። ዳንኤል ካነማንና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት በ1979 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ጽፈዋል። አንድ ሰዓት ለመሰለሽ ሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ያዢለት።

ታዲያ ሁሉንም ካላንደር ላይ ላስገባ?

እኔ ሞክሬዋለሁ፤ ሁለት ሳምንት አልዘለቅኩም። ጅማ ተቀምጦ ጎረቤት ቡና ሲጠራ እንዴት እንቢ ይባላል? ለአንድ ሰዓት ስቀመጥ የቀኑ ሰዓት ሁሉ ይናጋብኝ ነበር። አሁን ሌላ ሰው የሚጠብቀኝን ጉዳይ ወይም ሰዓቱ ካለፈ የሚበላሸውን ብቻ ካላንደር ላይ አደርጋለሁ። የቀረው ዝርዝር ላይ ይቆያል።

መርካቶ አካባቢ ቡና እነግዳለሁ። ከጥቅምት በኋላ ቀኔ በእጄ አይደለም። ምን ላድርግ?

ወንድሜ፣ በቡና ወቅት በሰዓት መከፋፈሉን ተወው። እሸት ቡና ሲመጣ በዕለቱ መፈልፈል ወይም ማድረቂያ አልጋ ላይ መሰጣት አለበት። ተከምሮ ካደረ ይቦካል፤ ቀጠሮህን አይጠብቅም። ለአንተ የሚበጅህ በቦታ የተከፈለ ዝርዝር ነው፦ መጋዘን፣ ባንክ፣ ስልክ። ባንክ ስትገባ የባንኩን ሁሉ ጨርሰህ ውጣ። ካላንደርህ ላይ የክፍያና የመኪና መጫኛ ቀን ብቻ ይኑር።

ማኅበራችን ወር በገባ በ21 ነው። ስልኬ በየወሩ እንዲያስታውሰኝ ብሞላውም ቀኑን ይስታል።

እትዬ፣ ይህ ብዙ ሰው የሚቸገርበት ነው። የእኛ ወር ሁሌም 30 ቀን ነው፤ የፈረንጆቹ ግን ከ28 እስከ 31 ይሄዳል። ስለዚህ «በየወሩ» የሚለውን ትተው «በየ30 ቀኑ» ብለው ይሙሉት። ጳጉሜን ስትመጣ ብቻ የመስከረሙንና ከእሱ በኋላ ያሉትን ሁሉ 5 ቀን ወደፊት ይግፏቸው፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች ደግሞ 6 ቀን። ከዚያ ዓመቱን ሙሉ አይስትም።

ሰዓቱንም ልብ ይበሉ። እኔ የከሰዓት 9 ሰዓት ቀጠሮ እንዳለ 9 ብዬ ሞልቼ ስልኬ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጮኸ። የከሰዓት በኋላው 9 በፈረንጅ 3 ነው። አሁን ከቀጠሮው ስም ጎን «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» ብዬ በቃል እጽፋለሁ።

ወረቀት ይሻላል ስልክ?

ካላንደር ስልክ ላይ ይሁን፤ ይጮህልሃል። ዝርዝር ደብተር ላይ ይሁን፤ መብራት ጠፍቶ ባትሪ ቢያልቅም ይነበባል።

ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ቢሮም እሠራለሁ። ዝርዝሬን ሳየው ልቤ ይጨነቃል።

ረጅሙን ዝርዝር በየሰዓቱ አትክፈቺው እህቴ። ማታ ልጆቹ ሲተኙ አሥር ደቂቃ ተቀመጪ። የነገውን ካላንደር እዪና ክፍት ሰዓትሽን ቁጠሪ። ከዝርዝሩ ሦስት ነገር ብቻ መርጠሽ በትንሽ ወረቀት ጻፊ። ቀን የምታዪው ያቺን ወረቀት ነው። ልጅ ያመመ ቀን አንዱን ብቻ አስቀሪ፤ ሁለቱን ያለ ጸጸት ወደ ደብተሩ መልሻቸው።