ሥሩን ቆፍራችሁ እዩ፤ ለወጣት የግብርና ባለሙያዎች

ውድ ልጆቼ፤ ከኮሌጅ ወጥታችሁ በየቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሆናችሁ የተመደባችሁም፣ በምርምር ማዕከል በረዳትነት ሥራ የጀመራችሁም፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከሠላሳ ዓመት በላይ በጥራጥሬ ማሳ ውስጥ ተንበርክኬ ካየሁት አንዱን ላካፍላችሁ ብዬ ነው። ሰው ከሚያውቀው ሁሉ በእጁ የዳሰሰውን ቢናገር ይሻላልና፣ የምጽፍላችሁ በባቄላ፣ በሽምብራና በአኩሪ አተር ሥር ላይ ስለሚኖሩት፣ በዓይን ስለማይታዩት ባክቴሪያዎች ነው። ያላዩት አገር አይናፍቅም እንደሚባለው፣ በዓይን የማይታይ ነገር በባለሙያም በአርሶ አደርም ዘንድ ቶሎ ይረሳል፤ እኔም አንድ ጊዜ ረስቼው ሰው አሳዝኛለሁ።

ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን እንደሆነ በትምህርት ቤት ተምራችኋል። ስንዴውና ጤፉ በዚህ አየር ተከበው እያደጉ በናይትሮጅን እጥረት ቢጫ የሚሆኑት፣ ሁለቱ የናይትሮጅን አተሞች እርስ በርስ አጥብቀው ስለተያያዙና ተክል ሊያላቅቃቸው ስለማይችል ነው። ፋብሪካ ያንን ትስስር የሚፈታው በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ነው፤ ዩሪያ የሚሠራውም ከዚያ ነው። ራይዞቢየም የተባለው ባክቴሪያ ግን በጥራጥሬ ሥር ላይ ኖዱል በምንለው ትንሽ እብጠት ውስጥ ተቀምጦ፣ ተክሉ የሚሰጠውን ስኳር እየበላ፣ ያንኑ ሥራ ያለ እሳት ይሠራል። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ሄልሪጌልና ቪልፋርት የተባሉ ጀርመናውያን ጥራጥሬ በኖዱሉ አማካይነት ከአየር እንደሚመገብ ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1886፣ ሆላንዳዊው ቤይሪንክም ባክቴሪያውን ለይቶ ያወጣው በ1888 ነበር፤ ከስምንት ዓመት በኋላ ደግሞ በጀርመን ለገበያ ቀርቧል። ስለዚህ ለአርሶ አደሩ «አዲስ ቴክኖሎጂ አመጣሁላችሁ» ብላችሁ አትጀምሩ። አባቶቻችን ስሙን ባያውቁትም ሥራውን ያውቁታል፤ ባቄላ የተነሳበት መሬት ላይ ስንዴ መዝራት ከማንም ያልተማሩት የራሳቸው ጥበብ ነው።

እናንተ ልትጨምሩ የምትችሉት፣ ባክቴሪያው ተስማሚውን ተክል የሚመርጥ መሆኑን ነው። የባቄላው ራይዞቢየም ለአተር፣ ለምስርና ለጓያም ያገለግላል፤ ሽምብራ የራሱ አለው፤ አኩሪ አተርም የራሱ አለው። ባቄላና ሽምብራ በደጋውና በወይና ደጋው ለብዙ ዘመን ሲዘሩ ስለኖሩ፣ በብዙ ቦታ ተስማሚ ባክቴሪያ በአፈሩ ውስጥ አስቀድሞ ይገኛል፤ ጥያቄው ቁጥሩ በቂ ነው ወይ፣ በሥራውስ ትጉህ ነው ወይ የሚለው ነው። አኩሪ አተር ግን ለአፈራችን እንግዳ ነው። ከዚህ በፊት አኩሪ አተር ተዘርቶበት በማያውቅ መሬት ላይ ሕያው ማዳበሪያ፣ ማለትም ባክቴሪያውን በሕይወት የያዘው ዱቄት፣ ሳይቀባ ከተዘራ፣ ብዙውን ጊዜ ሥሩን ስትቆፍሩ አንድም ኖዱል አታገኙም። በአንዱ ማሳ ተአምር የሚመስለው ጥቅም በሌላው ማሳ እምብዛም የማይታየው በዚህ ምክንያት ነውና፣ ከሌላ ወረዳ የሰማችሁትን ውጤት ለራሳችሁ ቀበሌ ቃል አትግቡበት።

አሁን ያጠፋሁትን ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት፣ በሸዋ ጥቁር አፈር ላይ ሽምብራ ለሚዘሩ አርሶ አደሮች የማከፋፍለው የሕያው ማዳበሪያ ካርቶን ተሰጠኝ። ካርቶኑን በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ተጓዝኩ፤ ከዚያም በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ፣ ከፀረ ተባይ ጠርሙሶች ጎን፣ ሁለት ሳምንት አስቀመጥኩት። የመዝሪያው ቀን ሲደርስ የታደለው ዘር አስቀድሞ በፀረ ፈንገስ ዱቄት ታሽቶ ነበር፤ እኔም በዚያው ላይ ጥቁሩን ዱቄት ነስንሼ፣ ለመዝራት እንዲቀልል ብዬ ከዳፕ ማዳበሪያ ጋር በአንድ ጆንያ አደባልቄ ሰጠሁ። ያደረግሁት ሁሉ በቅን ልቦና ነበር፤ ነገር ግን ሕያው ነገር ተቀብዬ ሳለ የሞተ ነገር አከፋፈልኩ። በኅዳር አንድ አባት ወደ ቢሮ መጡ፤ በእጃቸው አፈሩ ያልተራገፈ ሽምብራ ይዘዋል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና «ልጄ፣ ዱቄትህ አልጎዳኝም፤ አልረዳኝምም። ግን አንድ ቀን ሥራ አስፈታኝ» አሉኝ። ሥሩን አገላብጬ ሳይ ጭረት መስሎ ነጭ ነበር። ከዚያ ቀን በፊት የአንድም ተክል ሥር ቆፍሬ አይቼ እንደማላውቅ የተገነዘብኩት ያን ጊዜ ነው። ያንን ሰፈር ወደ እምነት ለመመለስ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የምለምናችሁ፣ ከረጢቱን ስትቀበሉ እንደ ወተት ቁጠሩት ነው። የአገልግሎት ጊዜው ያለፈ እንዳይሆን በላዩ የተጻፈውን ቀን አንብቡ፤ በየትኛው ሰብል ስም እንደተሠራም አረጋግጡ፤ በማቀዝቀዣ ወይም ቢያንስ በጭቃ ቤት ቀዝቃዛ ጥግ፣ ከኬሚካል አርቃችሁ አኑሩት። ለአንድ ኪሎ ዘር ወደ 10 ግራም ገደማ ይበቃል፤ ከረጢቱ ላይ የተጻፈው መጠን ከዚህ ከተለየ ግን የአምራቹን ተከተሉ። ዘሩን በጥላ ሥር በላስቲክ ላይ ዘርጉት፤ ጥቂት ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ርጩበትና እርጥበት ብቻ እንዲይዝ አድርጉት፤ ከራሰ ገለባው ይላጣል። ከዚያ ዱቄቱን ነስንሳችሁ እያንዳንዱ ፍሬ ጥቁር ካባ የለበሰ እስኪመስል በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ አሹት። በጠዋቱ ቀዝቀዝ ባለ ሰዓት ተዘርቶ ወዲያውኑ አፈር ይልበስ፤ የተቀባ ዘር ለነገ አይቀመጥም። በሬውን የሚነዳው አርሶ አደር ቢደክመው እንኳ፣ የዘሩን ቅርጫት በእርጥብ ጨርቅ ማልበስን አትዘንጉ።

ባክቴሪያው ብቻውን ሁሉን አይችልም። ኖዱል ሥራውን ለመሥራት ፎስፈረስ ይፈልጋልና፣ ፎስፈረስ በተሟጠጠ መሬት ላይ ሕያው ማዳበሪያ ብቻውን ብዙ አያመጣም፤ በሌላ በኩል ዩሪያ በብዛት የተጨመረለት ጥራጥሬ ባክቴሪያውን መቀለብ ይተዋል። የአፈሩ አሲዳማነት ደግሞ ከባድ ነው። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት 40 በመቶ ገደማ በአሲዳማነት የተጠቃ ሲሆን፣ ፒኤቹ (የአሲዳማነት መለኪያው፤ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ5.5 በታች በሆነ መሬት አሉሚኒየሙ ሥሩንም ባክቴሪያውንም ይጎዳል። በጎጃምና በወለጋ ደጋማ ቦታዎች የተመደባችሁ ልጆች፣ አርሶ አደሩ ከሕያው ማዳበሪያው በፊት ኖራ እንዲያገኝ መሟገት ሥራችሁ ነው። በጥቁር አፈር ላይ ያላችሁት ደግሞ ውሃውን አስቡ። በክረምት ውሃ በሚተኛበት ማሳ የባቄላ ሥር ጠቁሮ ይበሰብሳል፤ የበሽታው ምክንያት ፉዛሪየም የሚባል ፈንገስ ነው። ይህን ፈንገስ የሚፎካከር ትራይኮደርማ የተባለ ጠቃሚ ፈንገስ አለ፤ እኔ ግን በሰፊ መደብ ውሃው ሳይንጣፈፍ እሱን ብቻ ተማምኜ ባቄላ ሲድን አላየሁም። ሥሩ መተንፈስ አለበት።

ማይኮራይዛ የሚባለውን ፈንገስም በአጭሩ ላንሳ። ከሥሩ ጋር ተጣምሮ፣ ሥሩ ራሱ ሊደርስበት የማይችለውን ፎስፈረስ በቀጫጭን ክሮቹ ያመጣል። ጎመንና ጎመን ዘር ይህን ፈንገስ አያስተናግዱም፤ ተደጋጋሚ እርሻም ክሮቹን ይበጣጥሳል። ስለዚህ ይህኛውን በጠርሙስ ከመግዛት ይልቅ በአስተራረስና በሰብል ማፈራረቅ መንከባከብ ይቀላል ብዬ አምናለሁ። «ለሁሉም ሰብል፣ ለሁሉም አፈር፣ ለሁሉም በሽታ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበትን ጠርሙስ ስታዩም፣ የትኛው ተሕዋስ በውስጡ እንዳለ፣ በአንድ ግራም ወይም በአንድ ሚሊ ሊትር ስንት ሕያው ቁጥር እንደሚገኝ ጠይቁ። ሻጩ መልስ ከሌለው የአርሶ አደሩን ገንዘብ አታስወጡ። በ2014 ዓ.ም. የማዳበሪያ ዋጋ ሲያሻቅብ በየሰፈሩ የነበረው ጭንቀት ትዝ ይለኛል፤ የተጨነቀ ሰው የቀረበለትን ሁሉ ለመግዛት ይቸኩላል፤ ጥበቃ የሚያስፈልገውም በዚያን ጊዜ ነው።

ወደ ቁፋሮው ልመለስ። ሰብሉ ማበብ ሲጀምር ወደ ማሳው ውረዱ። ተክሉን ይዛችሁ አትንቀሉት፤ ኖዱሎቹ አፈር ውስጥ ተበጥሰው ይቀራሉ። በአካፋ ዙሪያውን አንድ ስንዝር ያህል ርቃችሁ ከአፈሩ ጋር አንሱት፤ በባልዲ ውሃ ውስጥ ንከሩትና አፈሩ በራሱ እስኪለቅ ጠብቁ። ቢያንስ ከአሥር ቦታ አሥር ተክል አንሱ፤ አንድ ተክል ምስክር አይሆንም። ኖዱሎቹ በዋናው ሥር አናት ላይ ተሰባስበው ከተገኙ፣ ከዘሩ ጋር የገባው ባክቴሪያ የሠራቸው የመሆን ዕድላቸው ሰፊ ነው፤ በጎን ሥሮች ላይ ተበታትነው ያሉት ብዙውን ጊዜ የአፈሩ ነባር ናቸው። ከዚያ አንዱን በጥፍራችሁ ሰንጥቁት። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ እየሠራ ነው፤ ቀለሙ የሚመጣው ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ከሚዛመድ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ጥፍራችሁንም ያቀላዋል። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ተክሉ እየቀለበው ምንም አይሰጠውም ማለት ነው። ኖዱል በጣት ሲነካ ከሥሩ በቀላሉ ይለቃል፤ ኔማቶድ የሚባለው ጥቃቅን የሥር ትል የሚያመጣው እብጠት ግን ሥሩ ራሱ ያበጠ ነውና አይለቅም፤ ሁለቱን አታደበላልቁ።

አንድ ነገር ደግሞ ለአርሶ አደሩ በግልጽ ንገሩት። ከአየር የተገኘው ናይትሮጅን አብዛኛው ወደ ፍሬው ይሄዳል። እኛ አገር ሽምብራና ምስር ከነሥሩ ተነቅሎ ወደ አውድማ ይሄዳል፣ ገለባውም ለከብት ይሆናል፤ እንዲህ ሲሆን ለተከታዩ ስንዴ የሚተርፈው ካሰበው ያነሰ ነው። በማጭድ ታጭዶ ሥሩ በመሬት ቢቀር፣ ፍግም ወደ ማሳው ቢመለስ ይሻላል።

በእያንዳንዱ ማሳ ደግሞ ያልተቀባ ዘር የተዘራባቸው ጥቂት ትልሞች ይኑሩ፤ እነሱንም መጀመሪያ ዝሩ፤ በዱቄቱ ያጠቆራችሁት እጅ ባክቴሪያውን ወደዚያ ይወስዳልና። ወደ ቢሮ ነጭ ሥር ይዘው የመጡት አባት ከአራት ዓመት በኋላ ማሳቸው ላይ እንዲህ እንዳደርግ ፈቀዱልኝ። ሽምብራው ባበበበት ጠዋት እኔ ሳልደርስ ሁለት ተክል በአካፋ አንስተው፣ ከየትኛው ትልም እንደሆነ ሳይነግሩኝ፣ «የተቀባው የቱ ነው?» አሉኝ። ሁለቱንም አጥቤ፣ በዋናው ሥር አናት ላይ ኖዱል የተሰባሰበበትን መርጬ አንዱን ኖዱል ሰነጠቅሁላቸው። ጥፍሬን ይዘው ወደ ብርሃን አዙረው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። በተከታዩ ዓመት በግራሯ ጥላ ሥር ዘሩን ያሹት እሳቸው ነበሩ፤ እኔ ስኳሩን በጠበጥኩ።