የጠረፍ ሸውሸዌ ለገጣፎ ይበቅላል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ለገጣፎ ቤት ሠርቼ ገብቻለሁ፤ ንፋሱ ግን አላስቀምጥ አለኝ። ሞምባሳ ለሥራ የሄደ ጓደኛዬ ለንፋሱ መከለያ እንዲሆነኝ ከባሕሩ ዳርቻ የሸውሸዌ ዛፍ ፍሬ ለቅሞ አመጣልኝ። እንዴት ላብቅለው? እንጨቱ ጠንካራ ነው ይላሉ፤ ሲደርስ ጣውላ ይወጣዋል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ለቤትህ አበቃህ። ያመጣልህን ፍሬ ግን ተወው። የጠረፉ ሸውሸዌ አሸዋ፣ ጨውና ሙቀት የለመደ ነው፤ የእናንተ ሰፈር ውርጭ ገና በችግኝነቱ ይቀጨዋል። ላንተ የሚሆንህ ደጋውን የሚችለው የወንዝ ዳር ዘመዱ ነው። የጠረፉ ፍሬ የአውራ ጣት ጫፍ ሲያክል የዚህኛው ከሽምብራ ብዙም አይበልጥም።

የወንዝ ዳሩ ፍሬ ቡናማ መሆን ሲጀምር፣ ሳይከፈት ልቀመው። ወረቀት ላይ ፀሐይ አስጣውና ስስ ጨርቅ ጣል አድርግበት፤ በጥቂት ቀን ይፈነዳና ክንፍ ያላት ዘር ትረግፋለች፣ እፍ ካልካት ሄደች። መዘፍዘፍ አያስፈልጋትም። ከወራት በኋላ አቅሟ ስለሚደክም ቶሎ ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅለህ የችግኝ መደብ ላይ በትናት፣ ስስ አፈር አልብሳት፣ በሣር አጥላላት። ጉንዳን ጠብቅ! እኔ የመጀመሪያ መደቤን በሙሉ ጉንዳን ነው የጨረሰብኝ።

ከሁሉም በላይ ይህን አደራ እልሃለሁ፦ ችግኙን ወደ ፕላስቲክ ከረጢት ስታዛውረው ካረጀ ሸውሸዌ ሥር የዘገንከውን አፈር ቀላቅልበት። ሥሩ ላይ እንደ ትንንሽ እባጭ ተሰብስቦ የሚኖር ፍራንኪያ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ ከአየር ናይትሮጅን እየወሰደ ዛፉን ይመግበዋል። እዚያው ሞምባሳ አጠገብ፣ ባምቡሪ ላይ፣ ለሲሚንቶ ተቆፍሮ የተራቆተውን ኮራል ድንጋይ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ አረንጓዴ ያለበሰው ሸውሸዌ በዚህ ጉልበቱ ነው። ያለዚያ አፈር ችግኝህ ቢጫ ሆኖ ይቀጭጫል።

ታኅሣሥ የዘራኸው ለሐምሌ ዝናብ ይደርስልሃል። መሬትህ ውሃ የሚያቁር መረሬ ከሆነ አፈሩን ከፍ አድርገህ ትከል፣ ከቤትህም አርቀው።

ጣውላውን እርሳው። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፣ መጋዝም ይፈጃል። ለአጣና፣ ለመጥረቢያ እጀታ፣ በተለይ ለማገዶና ለከሰል ግን ወደር የለውም፤ እርጥቡ ሳይቀር ይነዳል። ጎመንህን ብቻ ራቅ አድርገህ ትከል፤ የረገፈው ቅጠል ወፍራም ምንጣፍ ስለሚሠራ ከሥሩ ሣር እንኳ አያበቅልም።