ራስት ለቦርድ ሠሪዎች፦ ከድሬዳዋ የመጡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ድሬ ውስጥ ማይክሮኮንትሮለር (ቦርድ ላይ ያለ ትንሽ የኮምፒውተር ቺፕ) በሲ ቋንቋ ፕሮግራም የምታደርጉ ስለ ራስት የፕሮግራም ቋንቋ የጠየቃችሁትን አንድ በአንድ እመልሳለሁ። ምሳሌያችን የደቻቱን ወንዝ የውሃ ከፍታ ለክቶ በጂኤስኤም (የሞባይል ኔትወርክ) ሞጁል መልእክት የሚልክ መሣሪያ ይሁን።

ጥያቄ፦ በሲ የጻፍኩት እየሠራ ነው። ለምን ልቀይረው?

ሁሉንም አትቀይር። የሚሠራ ኮድ ጥለህ እንደገና ጻፍ የሚልህን አትስማ፤ ሰውን ከራስት የሚያርቀው እሱ ነው። ከውጭ የሚመጣ ባይት የሚያነበውን ክፍል ብቻ ለይተህ አውጣ። እዚህ ላይ እሱ ከጂኤስኤም ሞጁሉ የሚመጣው መልስ ነው። ኔትወርክ ሲቆራረጥ መልሱ ግማሹ ብቻ ይደርሳል፣ ወይም ሁለት መልስ ተጣብቆ ይመጣል። በሲ 64 ባይት ባፈር (ጊዜያዊ ማስቀመጫ) ላይ 70 ባይት ብትገለብጥ ማንም አይነግርህም፤ ጎኑ ያለው ቫሪያብል ይበላሽና ስህተቱ ሌላ ቦታ ይታያል። ራስት ወሰን ስታልፍ እዚያው ያቆምሃል። በዚያ ላይ ይህ ክፍል ሃርድዌር ስለማይነካ ቦርድ ሳትሰካ ላፕቶፕህ ላይ በካርጎ (የራስት መገንቢያ መሣሪያ) ቴስት ትፈትነዋለህ።

ጥያቄ፦ ከነባሩ የሲ ኮድ ጋር እንዴት ይገናኛል?

የራስቱን ክፍል ስታቲክ ላይብረሪ (ከሲው ኮድ ጋር የሚያያዝ ጥቅል) አድርገህ ትገነባለህ። ሲ የሚጠራውን ፈንክሽን በኤክስተርን ሲ (በሲ የአጠራር ደንብ) አውጀው፤ ፖይንተርና ርዝመት ይቀበል፣ ውስጥ ሲገባ ወደ ስላይስ (ርዝመቱን ይዞ የሚሄድ ማጣቀሻ) ይቀየር። ያ አንድ መስመር አንሴፍ (ኮምፓይለሩ የማያረጋግጠው) ስለሆነ ርዝመቱ ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ የአንተ ፋንታ ነው። ብዙ ሰው የሚሰናከለው ሁለቱን ኮድ ሊንክ ሲያደርግ (ሲያያይዝ) ነው። ኤስቲኤም32 ኤፍ4 ቺፕ ላይ የሲ ኮድህ በሃርድ ፍሎት (ኤፍፒዩን፣ ማለትም የቺፑን የነጥብ ቁጥር ማስሊያ በሚጠቀም ደንብ) ከተገነባ የራስቱም ታርጌት (የሚገነባለት የቺፕ ዓይነት ስም) ኤችኤፍ የሚል መጨረሻ ያለው መሆን አለበት፤ አለዚያ ሊንከሩ አልቀበልም ይልሃል። ብሉ ፒል ቦርድ ላይ ያለው ኤፍ103 ኤፍፒዩ ስለሌለው ይህ ችግር የለበትም።

ጥያቄ፦ ብሉ ፒል 64 ኪሎባይት ፍላሽና 20 ኪሎባይት ራም ብቻ ነው ያለው። ይበቃል?

ይበቃል። በዲበግ (የስህተት መፈለጊያ) ግንባታ ግን አትለካው። ሪሊዝ (ለሥራ የሚውለው ግንባታ) ፕሮፋይል ላይ ኦፕት ሌቭሉን ኤስ አድርግ፣ ኤልቲኦን አብራ፣ ኮድጄን ዩኒትስን 1 አድርግ፤ ሦስቱም ኮዱን ያሳንሳሉ። ቦታ የሚበላው ጽሑፍ የማቀናበሪያው ኮድ ነው፤ ሎግህን (የሥራ መዝገብህን) በዲኤፍኤምቲ ላይብረሪ ብታደርገው ጽሑፉ ኮምፒውተርህ ላይ ስለሚቀር ፍላሹ ይተርፋል።

ጥያቄ፦ ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው። መሣሪያው ወራት ቆይቶ ጎርፍ ሲመጣ ይሠራል ወይ?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። የ1998ቱ ጎርፍ ሰው በተኛበት ሌሊት ነው የመጣው፤ እንዲህ ያለ መሣሪያ በዚያ ሰዓት ቢያቆም ምንም ዋጋ የለውም።

መጀመሪያ ቆጣሪውን ተመልከት። በ32 ቢት ሚሊሰከንድ የሚቆጥር በ49.7 ቀን ሞልቶ ወደ 0 ይመለሳል። «አሁን ከመጨረሻው ሲደመር 10 ደቂቃ በለጠ ወይ» ብለህ ከጻፍክ፣ መሙያው ሲቃረብ ድምሩ ዞሮ ትንሽ ቁጥር ይሆናል፤ መሣሪያውም ለ10 ደቂቃ ያለማቋረጥ መልእክት እየላከ ሂሳቡን ይጨርሳል። ራስት ይህን በዲበግ ግንባታ ይይዘዋል፤ በሪሊዝ ግን ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። ስለዚህ ኦቨርፍሎው ቼክስን (ቁጥር ሲሞላ የሚይዘውን ፍተሻ) በሪሊዝም አብራ፣ ልዩነቱንም በራፒንግ ሰብ (መዞሩን በሚቀበል መቀነሻ) አስላ።

ቀጥሎ ፓኒክ፣ ማለትም ራስት ስህተት አግኝቶ ሥራውን ሲያቋርጥ። ጀማሪ ሁሉ የሚጠቀመው ፓኒክ ሆልት መሣሪያውን ባለበት ያቆመዋል፤ ጠረጴዛ ላይ ጥሩ ነው፣ ወንዝ ዳር አይሆንም። የፓኒክ ሃንድለሩ (ፓኒክ ሲመጣ የሚጠራው ፈንክሽን) ቺፑን ሪሴት ያድርግ። ዋችዶጉን (በጊዜው ካልተመገበ ቺፑን ሪሴት የሚያደርገውን ቆጣሪ) ከታይመር ኢንተረፕት ውስጥ አትመግበው፤ ዋናው ዙር ቆሞ እንኳ ኢንተረፕቱ መመገቡን ይቀጥላል። በኤፍ103 ነጻው ዋችዶግ ቢበዛ 26 ሰከንድ ገደማ ስለሚታገስ፣ ሞጁሉ ኔትወርክ እስኪይዝ የምትጠብቀውን ጊዜ ከፋፍለው።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔታችን ደካማ ነው፤ ካርጎ ሁሌ ሊያወርድ ይፈልጋል።

ጥሩ ኔትወርክ ያገኘህ ቀን ታርጌቱን በራስትአፕ (በራስት መጫኛው) ጨምር፣ ካርጎ ቬንደርን (ላይብረሪዎቹን ፎልደር ውስጥ የሚያስቀምጠውን ትእዛዝ) አስኪድ፣ የሚያወጣልህን መስመሮች ኮንፊግ ፋይሉ ላይ ለጥፍ። ከዚያ ፎልደሩን በፍላሽ ዲስክ ለጓደኛህ መስጠት ትችላለህ። ዊንዶውስ ላይ ራስትን ስትጭን የጂኤንዩውን ቅጂ ምረጥ፤ ሌላኛው ብዙ ጊጋባይት የሚወስድ የማይክሮሶፍት መገንቢያ ይጠይቅሃል።

ጥያቄ፦ ለመጀመር የትኛው ቦርድ?

ኢኤስፒ32-ሲ3። ፕሮሰሰሩ ሪስክ-ፋይቭ የሚባለው ዓይነት ስለሆነ መደበኛው የራስት ኮምፓይለር ይበቃዋል። የመጀመሪያው ኢኤስፒ32 ኤክስቴንሳ የሚባል ሌላ ዓይነት ነው፤ ለብቻው የተዘጋጀ ኮምፓይለር ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ አልትራሶኒኩ (ከውሃው በላይ ሆኖ ርቀቱን በድምፅ የሚለካው ሴንሰር) ከሰዓት በኋላ ውሃው ከፍ ያለ ያስመስላል። የራስት ችግር ነው?

የሙቀቱ ነው። ድምፅ በ20 ዲግሪ በሰከንድ 343 ሜትር፣ በ38 ዲግሪ ደግሞ 354 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በ343 ካሰላህ የ3 ሜትር ርቀት 9 ሴንቲሜትር ያህል አጥሮ ይነበባል። የሙቀት ሴንሰር ጥላ ውስጥ ጨምርና አርመው። ራስት የሚያግዝህ ማይክሮሰከንድንና ሚሊሜትርን ለየብቻ ታይፕ ስታደርጋቸው ነው፤ ሳታሰላ አንዱን በሌላው ቦታ ብታስገባ ኮዱ ኮምፓይል አይሆንም።